«የሆራቲዎች መሐላ» ለሳሎን፦ በእጅ የተሣለ ቅጂ ከማዘዝዎ በፊት

ጥያቄ፦ «ሳሎኔ ውስጥ ከሶፋው በላይ ሰፊ ባዶ ግድግዳ አለኝ። የታሪክ ሥዕል ነፍሴ ነው። ኦንላይን ሳስስ የዣክ ሉዊ ዳቪድን ‹የሆራቲዎች መሐላ› በ60 በ90 ሴንቲሜትር የሚሸጥ አገኘሁ። ‹መቶ በመቶ በእጅ የተሣለ፣ የሙዚየም ጥራት ያለው የዘይት ቀለም› ይላል። በሦስት ሳምንት ይደርሳል አሉኝ። ከኦሪጅናሉ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል? በእጅ መሣሉንስ በምን አውቃለሁ? ሻጩ ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ በጣት ሲነካ ይታወቃል ብሎኛል። ወደፊት ዋጋው ይጨምራል? ወይስ ፕሪንት ገዝቼ ልገላገል?»

ምላሽ፦ በ60 በ90 አይግዙት። ሻጩ ታማኝ ይሁን አይሁን በኋላ እናየዋለን። መጀመሪያ ግን ሒሳቡ ራሱ አልገጠመም።

ኦሪጅናሉ፣ ሦስት የሮም ወንድማማቾች አባታቸው ወደ ላይ በያዘላቸው ሰይፎች ፊት ሲምሉ የሚያሳየው የፈረንሳዊው ዳቪድ ሥዕል፣ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ነው ያለው። ቁመቱ 330፣ ወርዱ 425 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ወርዱን ለቁመቱ ሲያካፍሉት 1.29 ይመጣል። 90ን ለ60 ሲያካፍሉ ደግሞ 1.5 ነው። ቅርጻቸው አይገናኝም። ሠዓሊው ሥዕሉን እዚያ ሸራ ላይ ለማስገባት ወይ መቁረጥ አለበት፣ ወይ መለጠጥ። 90 ሴንቲሜትር ወርድ 70 ቁመት ስለሚፈልግ፣ ከቆረጠ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ቦታ ይጠፋል። ከላይ ቢቀንስ ከኋላ ያሉት ቅስቶች አናታቸው ይጨናነቃል። ከታች ቢቀንስ ተዋጊዎቹ እግራቸውን ከፍተው የቆሙበት ወለል ያልቅባቸዋል። ከለጠጠው ደግሞ የሮም ጀግኖች ሁሉ አጠር ደልደል ብለው ቁጭ ይላሉ። እንዲህ ያለ ቅጂ ብዙ አይቻለሁ። ባለቤቱ የሆነ ነገር እንዳልጣመው ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ግን አይያዝለትም።

ይህ የሚሆነው ሻጮች ሸራውንም ፍሬሙንም በተለመዱ መጠኖች ቆርጠው ስለሚያስቀምጡ ነው። የጥንቱ ሠዓሊ ግን በእነሱ ልክ አልሣለም። ስለዚህ የትኛውንም ሥዕል ከማዘዝዎ በፊት የኦሪጅናሉን ቁመትና ወርድ ከሙዚየሙ ድረ ገጽ ያውጡና ያካፍሉ። ከሚሸጥልዎ ሸራ ጋር ልዩነቱ ከሁለት ሦስት በመቶ ካለፈ በልክ ያሠሩ፣ ካልሆነ ይተዉት።

ሁለተኛው ሒሳብ የሰዎቹ ፊት መጠን ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው። የታሪክ ሥዕል ስንል በአውሮፓ አካዳሚዎች ቋንቋ የጦርነትና የነገሥታት ሥዕል ብቻ ማለታችን አይደለም። የመጽሐፍ ቅዱስ፣ የግሪክና የሮም ተረት፣ የጥንት ታሪክ ሁሉ ይገባበታል። በ1667 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ያንብቡልኝ) ፌሊቢየን የተባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ የሥዕል ዓይነቶችን በማዕረግ ሲደረድር ይህንን ቁንጮ ላይ አስቀመጠው። ቁንጮ የሆነ ነገር ደግሞ ትልቅ መሆን ነበረበት። የሚሰቀለው ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሕዝብ በሚተራመስበት አዳራሽ ነው። የዠሪኮ «የሜዱሳ ጀልባ» 491 በ716 ሴንቲሜትር ነው። የዳቪድ «የናፖሊዮን ዘውድ መጫን» 621 በ979 ነው። የአንድ ሰው ሙሉ ሳሎን ግድግዳ ማለት ነው፤ ያውም አይበቃም።

ያንን ዘውድ የመጫን ሥዕል 100 ሴንቲሜትር ወርድ ላይ ያስገቡት እንበል። ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ከፊት የቆመው ሰው ፊት ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። ከኋላ የተደረደሩት የጥፍር ያህል ይሆናሉ። ሁለት ሴንቲሜትር ፊት ላይ ዓይን ማለት ከሁለት ሦስት ሚሊሜትር አይበልጥም። ብሩሹ ትንሽ ዝቅ ካለ የተከበረው ካርዲናል ያንቀላፋል። ትንሽ ከፍ ካለ ይደነግጣል። አንድን እንዲህ ያለ ፊት በደንብ ለመሥራት ጎበዝ እጅ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ ሥዕል ላይ ያለው ፊት ደግሞ ከመቶ በላይ ነው። ማንም በሦስት ሳምንት አይሠራውም። ስለዚህ ይድበሰበሳል። ከሩቅ ሕዝብ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ግን ዓይን የሌለው የድንች ሰልፍ ነው።

እኔ የምሠራበት ደንብ ቀላል ነው፦ የዋናው ሰው ፊት ከአገጭ እስከ ፀጉሩ ጫፍ ከአራት ሴንቲሜትር ካነሰ በእጅ አይሣል። «የሆራቲዎች መሐላ» ሰዎቹ የቁም መጠን ስላላቸውና ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ፣ 90 ሴንቲሜትር ላይ ድንበሩ ጫፍ ላይ ይቆማል። ከሴቶቹ ኋላ ያሉት ልጆች ግን ከድንበሩ በታች ናቸው። ከዳቪድ ስቱዲዮ ራሱ በ1786 የወጣ አነስ ያለ ቅጂ አለ፤ ዛሬ በአሜሪካ ቶሌዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ተማሪው ዢሮዴ እጁን እንዳስገባበት ይነገራል። ያ «አነስ ያለ» የተባለው 130 በ167 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጌታውና ምርጥ ተማሪው ያሳነሱት እስከዚያ ድረስ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ከኦሪጅናሉ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል? አይሆንም፤ እንዲሆንም መጠበቅ የለበትም። ይህን ስል ቅጂን እያንቋሸሽኩ አይደለም። ቅጂ የተከበረ ሥራ ነው። ሩበንስ የቲሲያንን ገልብጧል። ዴላክሯ የሩበንስን ገልብጧል። ዳቪድ ናፖሊዮን በፈረስ አልፕስን ሲያቋርጥ የሚያሳየውን ሥዕል ከነስቱዲዮው አምስት ጊዜ ነው ያወጣው። የዘውዱንም ሥዕል ራሱ በሁለተኛ ሸራ ደግሞታል፤ ያኛው ቬርሳይ ነው ያለው። የሬምብራንት «የሌሊት ጥበቃ» በ1715 ወደ አምስተርዳም ከተማ አዳራሽ ሲዛወር በአራቱም ጎን ተቆርጧል፤ ግድግዳው ስላልበቃው። የተቆረጠው የት እንደገባ አይታወቅም። ምን እንደነበረ የምናውቀው ኼሪት ሉንደንስ የተባለ ሠዓሊ ቀደም ብሎ ትንሽ ቅጂ ስለሠራ ነው። ቅጂው ኦሪጅናሉን መሰከረለት ማለት ነው።

በቅጂና በሐሰተኛ ሥዕል መካከል ያለው ልዩነት ማታለል ነው። ሉቭር ውስጥ በፈቃድ ቁጭ ብሎ የሚገለብጥ ሠዓሊ ሸራው ከኦሪጅናሉ ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ማነስ ወይም መብለጥ አለበት። ማንም ሁለቱን እንዳያምታታ ነው። በሕግ በኩልም እነዚህን ሥዕሎች ማስገልበጥ አያስጠይቅም። በብዙ አገር የቅጂ መብት ሠዓሊው ከሞተ ከ70 ዓመት በኋላ ያበቃል፤ ዳቪድ የሞተው በ1825 ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ዳቪድ «የሆራቲዎች መሐላ» ላይ ስሙንና ዓመቱን ጽፏል። ገልባጩ ያንን ፊርማ እንዳይደግመው ይንገሩት። በምትኩ በሸራው ጀርባ «ከዳቪድ የተገለበጠ» ብሎ የራሱን ስምና ዓመቱን ይጻፍ። ነገ ቤቱን ለሚወርስ ሰው የሚያስቀሩት ውለታ ነው።

ዋጋው ይጨምራል ወይ ላሉት፣ አይጨምርም። ግድግዳው ላይ በሰቀሉበት ቀን የሁለተኛ እጅ ዕቃ ሆኗል። የሚሸጥልዎ ሰው «ኢንቨስትመንት» የሚል ቃል ካነሳ ንግግሩን እዚያው ይዝጉት። የሚገዙት በየቀኑ የሚያዩትን ነገር ነው። ያ ካላረካዎት ሌላ ምንም ጥቅም የለውም።

«የሙዚየም ጥራት» የሚባለውን ደግሞ ይርሱት። ይህን ማዕረግ የሚሰጥ ሙዚየምም ሆነ ድርጅት የለም። ማንም ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ይችላል። ከዚያ ይልቅ መልስ ያለው ጥያቄ ይጠይቁ። ሸራው የተልባ እግር በፍታ ነው፣ ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር? ቀለሙ የሠዓሊ ደረጃ ነው ወይስ የተማሪ? ሥዕሉን የሚሠራው አንድ ሰው ነው ወይስ ብዙ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በዓለም የታወቀው የዘይት ቅጂ መንደር ዳፈን ይባላል፤ ቻይና፣ ሼንዠን ውስጥ ነው። ሥራው እዚያ የተጀመረው በ1989 ነው። ትልቅ ትዕዛዝ ሲመጣ ሸራዎች ይደረደሩና አንዱ ሰማይ ብቻ፣ አንዱ ልብስ ብቻ፣ አንዱ ፊት ብቻ እየሣለ ያልፋል። ለመልክዓ ምድርና ለአበባ ይህ አካሄድ ያስኬዳል። ለታሪክ ሥዕል ግን አይሆንም። የታሪክ ሥዕል የሚቆመው ሰዎቹ እርስ በርስ በመተያየታቸው ነው። ፊቱን አንድ ሰው፣ እጁን ሌላ ሰው ከሠራው ያ መተያየት ይበጠሳል። በዚያው ዳፈን ሥዕሉን ከመነሻ እስከ መድረሻ ብቻቸውን የሚሠሩ በጣም ጎበዞችም አሉ። ስለዚህ ከየት መጣ ከማለት ማን ሠራው ብለው ይጠይቁ።

የወፍራም ቀለም ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፣ ስለዚህ ቆም ብለን እናየው። ሻጩ ያለው ለአንዳንድ ሥዕል እውነት ነው። ሬምብራንት ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙን ይቆልላል። ዴላክሯም ብሩሹን አይደብቅም። ዳቪድ ግን የሌላ ሰፈር ሰው ነው። የእሱ ሥዕል ገጽ ልሙጥ ነው። ቀለሙ በስሱ ይደረባል፣ የብሩሹ ዱካ ይለሰልሳል፣ ቆዳው እንደ እብነ በረድ ይሆናል። በጣት ሲነካ የሚሻክር «የሆራቲዎች መሐላ» ካመጡልዎ ሠዓሊው ዳቪድን አልገለበጠም ማለት ነው። ይባስ ብሎ ወፍራም ገጽ ለማጭበርበርም ይመቻል። ሸራ ላይ ፎቶው ይታተማል፣ ከዚያ ግልጽ ጄል በብሩሽ ይቀባል። ሲደርቅ ይሻክራል። በጣት ሲነካ በእጅ የተሣለ ነው ያሰኛል።

ታዲያ በምን ይለያል? አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር ይያዙ። ቆዳ ላይ ወይም ነጭ ልብስ ላይ ጥላው የሚጀምርበትን ቦታ ይዩ። ፕሪንት ከሆነ የተዘራ የሚመስል ደቃቅ ነጠብጣብ ያያሉ፤ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ። ቀለም ከሆነ የተጎተተና የተቀላቀለ ቅብ ነው የሚያዩት። ቀጥሎ መብራት ከጎን በኩል ዝቅ አድርገው ያብሩበት። የብሩሹ ጭረት ከሥዕሉ ጋር መሄድ አለበት። በልብሱ እጥፋት ላይ ወደ ታች፣ በክንዱ ላይ ዙሪያውን። ጭረቱ ፊትንም ግድግዳንም ሰይፍንም ሳይለይ በአንድ አቅጣጫ ካለፈ ጄል ነው። የሸራውን ጠርዝም አይርሱት። ሰው የሣለው ሸራ ጫፉ ላይ ቀለሙ ይዘበራረቃል፤ የታተመው እንደ መቀስ ቀጥ ብሎ ያበቃል። በነገራችን ላይ ንድፉን በፕሮጀክተር ሸራው ላይ አሳርፎ መገልበጥ ማታለል አይደለም። ሠዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ በካሬ መስመር ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ከታተመ ፎቶ ላይ መቀባት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስት ሳምንቱስ? የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። የተልባ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ስስ ቅብ በቀናት ውስጥ እጅ ላይ አይጣበቅም፤ ወፍራም ቅብ ሳምንታት ይወስዳል። ውስጡ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ግን ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በሦስት ሳምንት የደረሰ ሥዕል የግድ ሐሰት አይደለም። ቶሎ የሚያደርቅ አልኪድ የሚባል ማዋሃጃ ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ነውር የለውም። ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። አንደኛ፣ በአንድ ሰው እጅ በዚያ ጊዜ ውስጥ አሥር ያህል ሰው ያለበት ሥዕል መሣልና ማድረቅ አይሞከርም፤ ከመደርደሪያ የወጣ ወይም በቡድን የተሠራ ነው። ሁለተኛ፣ እርጥብ ቀለም ላይ ቫርኒሽ ደፍተው ይልኩታል። ያ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። የመጨረሻውን ቫርኒሽ ከስድስት ወር በፊት አታስቀቡ። እስከዚያ ስስ ጊዜያዊ ቫርኒሽ ይበቃዋል።

ቀለሙን በተመለከተ ትልቁ ጥያቄ ሠዓሊው ምን እያየ ይሣላል የሚለው ነው። የዴላክሯን «ነፃነት ሕዝቡን ስትመራ» ሉቭር በ2023 እና 2024 አጽድቶታል። የቢጫው ቫርኒሽ ድርብርብ ሲነሳ ሰማዩ ተገለጠ፣ ነጩ ነጭ ሆነ። ሙሉ ቢጫ ይመስል የነበረው ቀሚሷ ግራጫ ላይ ቢጫ የተደረበበት ሆኖ ተገኘ። ዛሬም ከድሮ ፎቶ የሚገለብጡ አሉ፤ የሚሸጡት ቆሻሻውን ጭምር ነው። «የሌሊት ጥበቃ» ስሙን ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጠቁሮ ሌሊት መሰለ እንጂ ሲሣል ቀን ነበር። ሠዓሊው የሚጠቀመውን ፎቶ አስቀድሞ ይላክልዎ። ከሙዚየሙ ከራሱ የወጣና ትልቅ ካልሆነ አይቀበሉ። ሰሞኑን ደግሞ ትንሽ ፎቶን በኮምፒውተር አጉልቶ መጠቀም በዝቷል። ፕሮግራሙ ያልነበረ ዝርዝር ፈጥሮ ይሞላል። አንድ ደንበኛ ፍሬም ላስገባለት ጥቅልል ሸራ ይዞ መጣ። ዘርግተን ስናይ ሦስቱ የሆራቲ ወንድማማቾች አራት ክንድ ዘርግተዋል። ሠዓሊው ያየውን ነው የሣለው፤ ምስኪን። ፍሬሙን አላስገባሁትም።

ፕሪንት ገዝቼ ልገላገል ላሉት ሐሳብ ንቀት የለኝም። ሕዝብ የተሰበሰበበት ሥዕል በትንሽ መጠን ከፈለጉ ጥሩ ፕሪንት ከመካከለኛ ሠዓሊ በጣም ይበልጣል። ፊቶቹ የዳቪድ ናቸው። ንድፉ አይሳሳትም። የሚያጡት የቀለሙን ጥልቀት ነው፤ ጥላው ውስጥ ብርሃን ሲገባና ሲመለስ የሚታየውን። ፎቶው ሰፊ፣ ቀለሙ ፒግመንት የሚባለው ቶሎ የማይለቅ ዓይነት ይሁን። ጄል የተቀባበትን አይግዙ፤ ሁለቱንም መሆን ፈልጎ አንዱንም ያልሆነ ነገር ነው።

የእኔ ምክር ግን ይህ ነው። ዳቪድን ከወደዱ «የሶቅራጥስ ሞት»ን ያሠሩ። በ1787 የተሣለ ነው፣ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። ልኩ 129.5 በ196.2 ሴንቲሜትር ነው። ወርዱን ለቁመቱ ሲያካፍሉት 1.515 ይመጣል። 100 በ150 ሸራ ላይ ከሞላ ጎደል ምንም ሳይቆረጥ ይገባል። መጠኑም ከኦሪጅናሉ ሦስት አራተኛ በላይ ነው፤ ፊቶቹ አይሞቱም። ሰዎቹ ደርዘን ያህል ናቸው፤ አንድ ሠዓሊ ይወጣቸዋል። ሙዚየሙ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ትልልቅ ፎቶዎቹን በነፃ ለቋል፣ ይህኛውም አለበት። ሥዕሉ ከመጀመሪያው ለግለሰብ የተሠራ እንጂ ለአዳራሽ አልነበረም። ሳሎንን ያውቃል።

አስቀድመው ሥዕሉን በደንብ ይዩት። ሶቅራጥስ አልጋው ላይ ተቀምጦ አንድ እጁን ወደ ላይ ጠቁሟል። ሌላውን እጁን ወደ መርዙ ጽዋ ሰድዷል፤ ግን አልያዘውም። ጣቱና ጽዋው መካከል ትንሽ ክፍተት አለ። ሙሉ ሥዕሉ የተንጠለጠለው እዚያች ክፍተት ላይ ነው። ደካማ ቅጂ ላይ እጁ ጽዋውን ይነካል፣ ወይም ክፍተቱ ሰፍቶ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላል። ጽዋውን የሚያቀብለው ቀይ የለበሰ ወጣት ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ሸፍኗል። ወዳጁ ክሪቶ የሶቅራጥስን ጭን ጨብጧል፤ ጣቶቹ ሥጋውን ሲጫኑት መታየት አለበት። ወለሉ ላይ የተፈታው የእግር ብረት አለ፣ ቀለበቶቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ማለፍ ይኖርባቸዋል። ተማሪው ፕላቶ በአልጋው ግርጌ ሽማግሌ ሆኖ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። በእውነቱ ያኔ ወጣት ነበር፣ እዚያም አልነበረም፤ ዳቪድ ሆን ብሎ ነው ያስቀመጠው። ከኋላ ደረጃው ላይ ደግሞ የሶቅራጥስ ሚስት ዞር ብላ እጇን እያነሳች ስትወጣ ትታያለች። በጣም ትንሽ ናት። ሠዓሊው መልኳን ካስቀመጠላት ጎበዝ ነው። ካድበሰበሳት ሌላውንም እንደዚያ ነው የሠራው።

ስምምነቱ ላይ ሦስት ጊዜ ፎቶ ይጠይቁ፦ ንድፉ እንዳለቀ፣ የመጀመሪያው ቅብ ሲደርቅ፣ ሲያልቅ። ሁሉም በቀን ብርሃን፣ እጆቹና ፊቶቹ ለብቻ ተጠግተው ይነሱ። ክፍያውንም በዚያው ልክ ይክፈሉት። ንድፉ ላይ የተበላሸ እጅ በቀለም አይድንም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ይነትርኩ፣ አያፍሩ። ለቀዩ ልብስ አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለውን ቀለም እንዳይጠቀም ይንገሩት። በስሱ ሲደረብ ብርሃን ያጠፋዋል። ኪናክሪዶን ቀይ ይተካዋል።

«ሆራቲዎችን ካልሆነ አይሆንልኝም» ካሉ 90 በ116 በልክ ያሠሩ። ከዚህ አያሳንሱ። ቦታው ካልበቃ ከሥዕሉ ቁራጭ ያስገልብጡ። በቀኝ በኩል በሐዘን የተዝለፈለፉት ሴቶች ብቻቸውን ሙሉ ሥዕል ይሆናሉ። እንዲያውም ለሳሎን፣ በሰይፍ ከሚማልበት ጎን ይልቅ እነሱን እመርጣለሁ።

ግድግዳው ምን ዓይነት እንደሆነ ስላልነገሩኝ ጥቂት ልበል። የቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ቦታ አይሆንም። እርጥበት የሚይዝ የውጭ ግድግዳም አይሆንም፤ ሸራው እየጠጣና እየደረቀ ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። ከሶፋው መደገፊያ 20 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ የሥዕሉም ወርድ ከሶፋው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሁን። ጥቁር ጥላ የበዛበት ሥዕል ላይ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ መስታወት ይሆናል፤ ማታ ማታ ሶቅራጥስን ትተው ራስዎን ነው የሚያዩት። መካከለኛ ድምቀት ያለውን ይምረጡ። መብራቱ ሞቅ ያለ ኤልኢዲ፣ ሲአርአይ የሚባለው የቀለም መለኪያው ከ90 በላይ ይሁን፣ ከላይ በ30 ዲግሪ ያህል ያዘንብል።

ሸራው ተጠቅልሎ ከመጣ ቀለሙ ወደ ውጭ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨመቃል፤ ይህን ከመላኩ በፊት ይንገሯቸው። በአራቱም በኩል ለመወጠሪያ ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ባዶ ሸራ ይተዉ። ሲደርስ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ፈትተው ለአንድ ሁለት ቀን አንጥፈው ይተዉት፣ ከዚያ ለባለሙያ ያስወጥሩ። በዚህ መጠን መወጠሪያው እንጨት መሐሉ ላይ መስቀለኛ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ፍሬሙ እስኪደርስ ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ አይቆልፉበት፤ የተልባ ዘይት ጨለማ ውስጥ ቢጫ ይላል። አቧራ ሲይዘው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፉት፣ ውሃ አያስነኩት። ስድስት ወሩ ሲያልፍ ቫርኒሹን የሣለው ሰው ራሱ መጥቶ እንዲቀባው ካሁኑ ውሉ ላይ ያስገቡ።